ግግና የሕፃን ድድ

የሕፃን የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ወር ገደማ ከታችኛው ድድ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ብቅ ይላሉ፤ የኋላ መንጋጋዎቹ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ይሟላሉ። በአራት ወሩ የሚጀምር አለ፤ ዓመት ሊሞላው ሲል ድዱ ገና ባዶ የሆነም አለ። የጎረቤት ልጅ ቀደመ ተብሎ የሚደረገው ጭንቀት መሠረት የለውም።

ጥርስ ሊወጣ ሲል ድድ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል። ሕፃኑ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ሰውነቱም ጥቂት ሊሞቅ ይችላል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ተቅማጥና ትውከት ከተከተለ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

ብዙ እናቶች ተቅማጡንም ጥርሱ ያመጣው መስሏቸው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ሲሆን፣ ስሕተቱ ካለማስተዋል የመጣ አይደለም። ጥርስ በሚያወጣበት ሰሞን ልጅ በእርግጥም ደጋግሞ ይታመማል። በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ያገኘው የበሽታ መከላከያ በዚሁ ዕድሜ ይመናመናል፤ ከጡት በተጨማሪ ገንፎና አጥሚት ይጀምራል፤ መዳህ ይለምድና ከመሬት ያነሣውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡን የሚያመጣው በዚህ መንገድ የሚገባው ጀርም ነው፤ ጥርሱ ከሕመሙ ጋር የገጠመው በጊዜ ብቻ ነው። ይህ ስሕተት የሀገር ቤት እናቶች ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ በ1839 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በዌልስ ከ5,000 በላይ ሞቶች በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩት በጥርስ ማውጣት ምክንያት ተብለው ነበር።

በኢትዮጵያ ይህ እምነት ግግ ማስወጣት የሚባለውን ልማድ አስከትሏል። ልጁን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ድዱ ይዳሰሳል፤ ክራንቻ በሚበቅልበት ቦታ ነጣ ያለ እብጠት ይገኛል። እብጠቱ ጤናማ ነው፤ ከሥሩ ያለው ክራንቻ ብዙውን ጊዜ ከ16ኛው ወር በኋላ የሚወጣ ነው። የመንደሩ ባለሙያ ግን በምላጭ ወይም በሌላ ስለት ድዱን ቀዶ ገና ያልጠነከረውን ጥርስ ይፈለቅቃል። የወጣው ለስላሳና ነጭ ስለሚሆን ትል ይመስላል፤ ቤተሰቡም የበሽታውን መንሥኤ በዓይኑ ያየ ያህል ያምናል። አብዛኛው ተቅማጥ በጥቂት ቀናት በራሱ ስለሚተው ምስጋናው ለምላጩ ይሆናል። ልማዱን ያቆየው ይኸው ነው።

ጉዳቱ ብዙ ነው፦ የማይቆም ደም፣ የሚያመረቅዝ ቁስል፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ በጋራ ስለት የሚተላለፍ ኤችአይቪ። ከወተት ጥርሱ በታች የሚሠራው ቋሚ ክራንቻም ሊበላሽ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተሰቦችን ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የጎደሉ የወተት ክራንቻዎችንና የተጎዱ አጎራባች ጥርሶችን አግኝተዋል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የወተት ጥርስ መንቀልን ከእንጥል መቁረጥ ጋር በጎጂ ልማድነት ይጠቅሳል፤ በድርጊቱ ሕፃን ቢሞት ያስቀጣል። ሕግ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ልጅ ለታቀፈች እናት መድኃኒት አይሆንም።

ለድድ ሕመም ቀላሉ ነገር በቂ ነው። በሳሙና በታጠበ ጣት ድዱን ማሸት፣ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ የራሰ ጨርቅ ማስነከስ፣ ለሐጩን እየጠረጉ አገጩ እንዳይቆስል መጠበቅ፣ ጡቱን አለማቋረጥ። ከባሰበት ጤና ባለሙያ በክብደቱ ልክ ያዘዘው ፓራሲታሞል ይበቃል። ቤንዞኬይን ያለበት የድድ ማደንዘዣ ቅባት ግን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚያስፈልገው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ፣ ጤና ባለሙያ የሚያዘው ዚንክና ያልተቋረጠ ጡት ነው። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም በሰገራው ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።