ፋይላችሁ ዛሬ የት አደረ?

(በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ከሰዓት በኋላ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ የሚናገር ሰው ዕጣው ይታወቃል፤ ስለዚህ እንቅልፍ የሚያባርር ጥያቄ ይዤ ልግባ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አሁን የት ነው ያለው? የታተመውን አላልኩም፤ እሱ ላይብረሪ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ፋይሉን ነው የምለው። ጥሬ ዳታውን፣ የቃለ መጠይቁን ድምፅ፣ መስክ ወርዳችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ።

እዚህ አዳራሽ ካሉት መምህራን ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በአንድ ላፕቶፕና ከቁልፍ ጋር በተንጠለጠለ ፍላሽ ይዘው እንደሚዞሩ አውቃለሁ። ላፕቶፑ ታክሲ ውስጥ ቢቀር የሃያ ዓመት የትምህርት ማስታወሻ አብሮ ይሄዳል። ፍላሹ ደግሞ ከፎቶኮፒ ቤት ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ኖረውት የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ ግራ ያልተጋባ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

«እኔ ክላውድ ላይ አስቀምጣለሁ» የምትሉ አላችሁ። መልካም ነው፤ እኔም እጠቀማለሁ። ጉግል በነፃ 15 ጊጋባይት፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ አገር ቤት ላለን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ደግሞ ሥራው ሁሉ ክላውድ ላይ የነበረ ሰው የራሱን ጽሑፍ መክፈት አቅቶት ተቀምጧል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አጥኚው ገጠር ወርዶ አንዲትን እናት ያነጋግራል፤ «የነገሩኝ በሚስጥር ይያዛል» ብሎ ያስፈርማል። ማታ ሆቴል ሲገባ የእናትየዋን ድምፅ ባለቤቱን በማያውቀው ኮምፒውተር ላይ ይጭናል። ያ የፈረመው ወረቀት ታዲያ ምን ሆነ? ክላውድ ሁሉ ሚስጥር ያወጣል ማለቴ አይደለም። ቃሉን የሰጠው አጥኚው ነው፤ ቁልፉ ያለው ግን ሌላ ሰው ዘንድ ነው።

መፍትሔው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የራስን ሰርቨር ማቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፍራንክ ካርሊቼክና ባልደረቦቹ ከኦውንክላውድ ተለይተው የጀመሩት ኔክስትክላውድ ለዚህ የታወቀ ነው፤ ለአንድ ትምህርት ክፍል ይመቻል። ነገር ግን በየጊዜው የሚያድስና የሚጠብቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ያ ሰው በሌለበት አትጀምሩት፤ የተረሳ ሰርቨር በሩ ተከፍቶ የተተወ ቤት ነው።

ለግለሰብ የምመርጠው ሁለተኛውን፣ ሲንክቲንግን ነው። ጃኮብ ቦርግ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ለሕዝብ ያወጣው፣ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። መሃል ላይ ፋይላችሁን የሚያስቀምጥ ሰርቨር የለውም፤ የቢሮ ኮምፒውተራችሁ፣ የቤት ላፕቶፓችሁና ስልካችሁ በቀጥታ ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ በስምንት ምድብ የተከፈለ 56 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። አንዱ የሌላውን መለያ መዝግቦ፣ ያም በተራው «አዎ አውቀዋለሁ» ካላለ ፋይል አይተላለፍም፤ የሽማግሌ እርቅ በሉት፣ ሁለቱም ወገን እሺ ማለት አለበት። የሚተላለፈው ሁሉ በመንገድ ላይ ተመስጥሮ ነው የሚሄደው።

ለእኛ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፦ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። መስመሩ ቢቋረጥም ራውተሩ እስከበራ ድረስ ሥራው ይቀጥላል። ፋይሉንም በትናንሽ ቁራጮች ከፍሎ ስለሚያይ፣ ትልቅ የዳታ ፋይል ውስጥ ጥቂት ቦታ ቢለወጥ የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ነው የሚልከው። የሞባይል ዳታ በብር ለሚገዛ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ማመሳሰል ማለት መጠባበቂያ ቅጂ ማለት አይደለም። በዚህ በኩል ያጠፋችሁት ፋይል በዚያም በኩል ይጠፋል፤ በቫይረስ የተበላሸም ከሆነ ብልሽቱን በታማኝነት ያደርሳል። ስለዚህ ገና ሲጫን የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያስቀምጠውን ምርጫ ቢያንስ በአንዱ መሣሪያ ላይ አብሩት፤ እኔ ሳይጠየቅ የሚበራ ቢሆን እመርጥ ነበር። ከዚያም ሌላ በወር አንድ ጊዜ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ንቀሉት፤ ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት።

አንድን ፋይል በሁለት መሣሪያ ላይ ለየብቻ ከለወጣችሁት ደግሞ አንዱን በስሙ ላይ የግጭት ምልክት ጨምሮ ያስቀምጠዋል። አይጥለውም፤ የትኛው ይሻላል የሚለውን ግን እናንተ ናችሁ የምትወስኑት። ያ ፋይል ብቅ ሲል ዝም ብላችሁ አትሰርዙት።

ሌላው መብራት ነው። ሁለት መሣሪያዎች የሚመሳሰሉት በአንድ ጊዜ ሲበሩ ነው። የቢሮው ማታ ይጠፋል፣ የቤቱ ቀን ይጠፋል፤ መቼ ይገናኙ? ባትሪው ገና ያልሞተ፣ ልጆች የተዉት አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ሳሎን ጥግ ላይ ሁልጊዜ እንደበራ አስቀምጡት። ፍጥነት አይጠበቅበትም፤ እንግዳ ተቀባይ ነው፣ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቆያል።

ስለ ስልክ አጭር ነገር ልበል። ይፋዊው የአንድሮይድ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ ከእሱ ተቀድቶ ሌሎች የሚያዘጋጁት አለ። ለአይፎን ይፋዊ የለም። ስለዚህ ከላፕቶፕ ጀምሩ፤ ስልኩ ይደርሳል።

ነገ ጠዋት ከቡና በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን አስከፍተናል። ላፕቶፕ ያላችሁ ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ኑ፤ በጡረታ ላይ ያላችሁ መምህራኖቻችን ከሁሉ በፊት ትስተናገዳላችሁ። ከእያንዳንዳችሁ ጋር አንድ ወጣት ይቀመጣል፣ ሁለት መሣሪያ ያገናኝላችኋል፣ የቀድሞ ቅጂ ማስቀመጫውንም ያበራላችኋል። ፍላሻችሁንም አምጡት፤ መጀመሪያ ከቫይረስ እናጸዳዋለን።