ወጣት ራዲዮ የሚያዳምጠው ለምንድን ነው?



ራዲዮ ወጣቱን የሚስበው ሲመክረው ነው ወይስ ሲያነጋግረው?

በ1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ራዲዮ ስለ ኤድስና ስለ ቤተ ሰብ ምጣኔ የሚያስተምሩ ተከታታይ ድራማዎች ማሰማት ጀመረ፤ በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በኦሮምኛ «ዲምቢባ»። አድማጩ ትምህርት መሆኑን ረስቶ ስለ ሰዎቹ ዕድል ይጨነቅ ነበር። ለድራማዎቹ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ተጻፈ።

እናቴ ያን ጊዜ ሮቤ ተማሪ ነበረች። አንድ ማታ «ዲምቢባ» ሲያልቅ አያቴ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ስለ ኤድስ ከአባቷ ጋር ስትነጋገር ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዛሬ «ወጣቶች፣ ተጠንቀቁ!» የሚል ድምፅ ስንሰማ ስልካችንን እናነሣለን፤ ልዋሽ አልፈልግም፣ እኔም አንዱ ነኝ። እንደ አያቴ የሚጠይቀኝ ዝግጅት ሲመጣ ግን ስልኬን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ።