ቤት ስትገዙ ፈቃዱን ጠይቁ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን የቤት ግዢ ነው። “ኢማም ስለ ካርታና ፕላን ምን አገባው?” የሚል አይጠፋም። ለምን እንዳገባኝ ልንገራችሁ።

ከጀመዓችን አንድ ወንድም እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዛ። ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እህቱ ሳዑዲ ዐረቢያ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነበር። ውሉ ሲፈረም ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ካርታው ታየ፤ ስሙ ከመታወቂያው ጋር ተመሳከረ። ዱዓ አድርገን፣ ተምር ቀምሰን ተለያየን። “የግንባታ ፈቃዱስ?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከወራት በኋላ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ለካስ ፈቃድ የተሰጠው ለምድር ቤቱ ብቻ ኖሯል። ፎቁም፣ በጓሮ ያለው ሰርቪስም በፕላኑ ላይ የሉም። ፎቁ ፈረሰ። ሻጩ ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ አውሎታል፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ በሽማግሌ እጅ ነው። ለእህቱ ደውሎ መንገሩ ግን ለወንድሟ ቀረ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ስህተታችን የት ላይ ነበር? ካርታ ስለ ቦታው የሚናገር ወረቀት ነው፤ ስለ ቤቱ የሚናገረው የግንባታ ፈቃዱና ማኅተም ያረፈበት ፕላን ነው። በሀገራችን ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ገንዘባችሁን የምትከፍሉት በላዩ ላለው ቤትና ቦታውን ለመጠቀም ላላችሁ መብት ነው። ታዲያ ቤቱ ሕጋዊ ካልሆነ የገዛችሁት ምንድን ነው?

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሏል፤ ሕንፃዎችንም ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሏል። ስለዚህ ለምድር ቤት የተሰጠ ፈቃድ ፎቅ ለመጨመር አያገለግልም። “ጨረቃ ቤት” ሲባል በከተማ ዳር በሌሊት የቆመ ቆርቆሮ ቤት ብቻ አይምሰላችሁ። ካርታ ባለው ግቢ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍልም የእርሱ ወንድም ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ መቶት እንደሆነ ቢነግራቸው፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ እንደወቀሱት ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። የቤት ክምሩ ቀለሙና ሴራሚኩ ነው። እርጥቡ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። እጃችሁን ወደዚያ አስገቡ።

እንዴት? በመጀመሪያ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የጸደቀውን ፕላን ቅጂ ተቀበሉ። ሁለተኛ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ ፋይሉ ወዳለበት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ቅጂው ከፋይሉ ጋር አንድ መሆኑን፣ እግድና የባንክ ዕዳ አለመኖሩን አረጋግጡ። ሦስተኛ፣ ፕላኑንና ሜትሩን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። ፎቁን፣ ክፍሎቹን፣ ሰርቪሱን፣ አጥሩን አንድ በአንድ አመሳክሩ። ካልሆነላችሁ ለባለሙያ ከፍላችሁ አስዩት። አራተኛ፣ በፕላኑ ላይ የሌለ ነገር ካገኛችሁ ሻጩ አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ካልሆነ ግዢውን ተዉት። ደላላው “ፈቃድ ይወጣለታል” ቢላችሁ፣ ይወጣለታል ማለት ወጥቶለታል ማለት እንዳልሆነ አትርሱ።

በመጨረሻም ሁሉንም ጻፉ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። በውሉ ላይ ሻጩ የቤቱ ክፍል ሁሉ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ሳይሆን ቢቀር ኃላፊነቱ የእርሱ መሆኑን አስፍሩ። “እርሱ ሙስሊም ነው፣ እናምነዋለን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?” አትበሉ። መጻፍ ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ወንድማማችነቱን ከጠብ ማዳን ነው።

ሻጭና ደላላ ሆናችሁ የምትሰሙኝም አላችሁ። ነውሩን ደብቆ መሸጥ ሸሪዓችን የከለከለው ነው። ሰርቪሱ ፈቃድ እንደሌለው ገዢው ሳይጠይቅ ንገሩት። ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፤ በረካው ግን አይቀንስም።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ለውል ምስክርነት ስጠራ ከዱዓው በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ “ፈቃዱን አሳዩኝ” እላለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ከሰው ቤት ወለል ላይ በላብ የተለቀመ ገንዘብ አማና ነውና ቅር ይበለው።

አላህ (ሱ.ወ) ሐላል ሪዝቅና ሰላም ያለበት ቤት ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።