ስለ ንግድ ድርጅቶች የኢንተርኔት ስምና ስምን አከማችቶ ስለ መሸጥ



ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በኢንተርኔት ላይ ግን ስም የሚገኘው በቀዳሚነት ነው። ፊት የደረሰ ይወስደዋል፤ ዘግይቶ የመጣ ወይ ሌላ ስም ይፈልጋል፣ ወይ ፊት ከደረሰው ይገዛል። ይህ ሥርዓት ለመሐንዲስ እጅግ የቀለለ ነው። መዝገቡ አንድ ነው፣ ስሙ አንድ ነው፣ ባለቤቱም አንድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ስሙ ለማን ይገባል ብሎ አይመረምርም፣ ተይዟል ወይም አልተያዘም ብሎ ብቻ ይመልሳል። ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ቅለት ነው።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ለዓመታት የተመላለሰ ሰው በቆርቆሮ ታጥረው የኖሩ ባዶ ቦታዎችን ሳያስታውስ አይቀርም። ከአጥሩ ውስጥ ሣር ይበቅላል እንጂ መሠረት አይቆፈርም። ቦታው የተያዘው ሊሠራበት አይደለም፤ ጎረቤቱ ቤት ሠርቶ፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራትና ውሃ ገብቶ ዋጋው እስኪወጣ ድረስ ለመጠበቅ ነው። የዋጋውን ጭማሪ የፈጠረው የሌላ ሰው ድካም ሲሆን፣ ጭማሪውን የሚሰበስበው ግን ያጠረው ሰው ነው። በአገሬው አነጋገር «አየር በአየር» የሚባለው ንግድ ከዚህ የተለየ አይደለም። በዶሜይን ስም ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ቦታ የሚያጥር ሰው ቢያንስ ቆርቆሮና ሚስማር ይገዛል፤ ስም የሚያከማች ሰው ግን ለዓመቱ ከሚከፍለው ጥቂት ገንዘብ በቀር ምንም አያወጣም።

የመሬቱን ነገር ሕግ አውጪው ሳይመለከተው አላለፈም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለ መያዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ ያልጀመረ ሰው ቦታውን እንዲያጣ ደንግጎ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ግንባታ ሳይጀምር ወይም ከግማሽ ሳያደርስ የሊዝ መብቱን የሚሸጥ ሰው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራውን ሥራ ዋጋና ከሽያጩ 5 ከመቶ ብቻ እንዲወስድ ወስኖ ነበር። አዋጁ በተግባር ምን ያህል ሠራ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የድንጋጌው ብልሃት ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፤ መሸጥን ፈጽሞ አልከለከለም፣ ሳይሠሩ መሸጥን ትርፍ አልባ አደረገው እንጂ።

በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ የስም ንግዱ የጋለው ከ25 ዓመት በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ቢዝነስ ዶት ኮም የተባለው ስም በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት የዓለሙን የስም ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት የንግድ ምልክት ባለቤቶች አቤት የሚሉበትን የዳኝነት ደንብ አጸደቀ። ይህ ደንብ ብዙ የጠቀመ ቢሆንም፣ በዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት ዘንድ በአንድ ዳኛ ለሚታይ አቤቱታ የተወሰነው ክፍያ 1,500 ዶላር ነው። በሾላ ገበያ ቅቤና ቅመም የሚሸጥ ነጋዴ ስሙን ለማስመለስ ይህን ያህል ዶላር ከየት ያመጣል? ቢያመጣስ፣ ያልተመዘገበ ስሙን የንግድ ምልክት ነው ብሎ በምን ያስረዳል?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 አይካን ከመረጣቸው ሰባት አዳዲስ መዝገቦች አንዱ ዶት ቢዝ ነበር። ይህ መዝገብ ለንግድ ሥራ ብቻ እንዲሆን ታስቦ የተቋቋመ ነው። በደንቡም መሠረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም ለማከራየት ብቻ የተያዘ ስም በቅን ልቡና ለንግድ ሥራ እንደ ዋለ አይቆጠርም። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ከመነሻው ተሰናከለ። ብዙ ሰው የሚሻቸውን ስሞች ለማደል የታሰበው ዘዴ፣ አመልካቾች እየከፈሉ ዕጣ የሚጠብቁበት ስለ ነበረ፣ ሎተሪ ነው ተብሎ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ክስ ቀረበበት፤ መዝጋቢው ኩባንያም ዘዴውን ተወው። ዋናው ድክመት ግን ሌላ ነው። መዝጋቢው የአመልካቹን ቃል ተቀበለ እንጂ የንግድ ፈቃድ አሳየኝ አላለም። ደንቡን የጣሰ ሰው የሚያዘው ሌላው ወገን ገንዘብ ከፍሎ ሲከስሰው ብቻ ሆነ። ዘበኛ የሌለው በር ላይ «ሥራ የሌለው እንዳይገባ» ብሎ መጻፍ ማለት ይህ ነው። ስም አከማቾች ከዶት ቢዝም አልጠፉም።

የኢትዮጵያ መዝገብ ከዚህ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። ዶት ኢቲ በዓለም የስም ሥር ላይ የተመዘገበው በ1988 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ ከቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ተላልፎ ቆይቷል። ለንግድ ድርጅት የተመደበው ኮም ዶት ኢቲ ነው፤ አመልካቹም የድርጅቱን ሕጋዊነት የሚያስረዳ ማስረጃ ሲጠየቅ ኖሯል። ስለዚህ በዶት ኢቲ ላይ ስም አከማችቶ መነገድ ሥር አልሰደደም። ነገር ግን ይህን እንደ ድል መቍጠር ያስቸግራል። ሌባ ያልገባበት ቤት ሁሉ በጥበቃው ብርታት ነው ማለት አይቻልም፤ የሚሰረቅ ዕቃ ባይኖርበትስ? የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዶት ኢቲ ስም ሲጠቀም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዶት ኮም ይታወቃል። አየር መንገዱ ስሙን የሚጠብቅበት አቅም አለው። ወረቀቱ በዝቶበት ወደ ዶት ኮም የሸሸው ትንሽ ድርጅት ግን ምንም በር በሌለበት ሜዳ ላይ ነው ያረፈው።

በዚህ ላይ የፊደል ችግር ይጨመራል። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ መልክ የለውም። «ቀ»ን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፋታል፤ ማጥበቅና ማላላቱ ፊደልን ያበዛል፣ ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ አንድ የኮተቤ እንጨት ሥራ ቤት አምስትና ስድስት የስም መልክ ሊኖረው ይችላል፤ አከማቹም ባለቤቱ ያልያዛቸውን ይዞ ይጠብቀዋል። የግዕዝ ፊደል በሥሩ መዝገብ ደንብ ውስጥ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ስፍራ ስላገኘ፣ አንድ ቀን ስም በገዛ ፊደሉ ሊጻፍ ይችላል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜም ቢሆን «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለሁለት ባለቤቶች እንዳይከፋፈሉ መዝጋቢው አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ሰውየው «ፀሐይ»ን ሲያስመዘግብ «ጸሃይ»ም አብራ የእርሱ ልትሆን ይገባል።

ታዲያ በሩ ሳይጠብ ዘበኛው እንዴት ይቁም? የንግድ ፈቃድን በወረቀት ማስቀረብ አመልካቹን ያደክማል፤ የንግድ መዝገቡና የስም መዝገቡ በመሣሪያ ቢነጋገሩ ግን የፈቃዱ ቁጥር በቅጽበት ሊረጋገጥ ይችላል። ሥራው ለዚህ ማኅበር አባላት ከባድ አይደለም። ይሁን እንጂ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የንግድ ፈቃድን ማከራየት በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ የሚያከራይ መኖሩን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አንድ የአስመጪነት ፈቃድ ያለው ሰውም መቶ ስም ላስመዝግብ ቢል ፈቃዱ አይከለክለውም። ስለዚህ ስሙ ከድርጅቱ የንግድ ስም፣ ከምርቱ ወይም ከምልክቱ ጋር የሚታይ ዝምድና ይኑረው። ቁጥሩም ይወሰን፤ ኖርዌይ ለተመዘገበ ድርጅት የፈቀደችው 100 ስም ነው፣ ለእኛ አገር ነጋዴ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል። ዝውውርም ድርጅቱ ራሱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ብቻ ቢፈቀድ፣ የ2004ቱ አዋጅ በመሬት ላይ ያሰበው በስም ላይ ያለ ብዙ ክርክር ይፈጸማል።

ትንሽ የሚመስል የክፍያ ለውጥ የሚያደርገውንም የዓለሙ መዝገብ አሳይቷል። በዶት ኮምና በመሰሎቹ፣ ተመዝግቦ በአምስት ቀን ውስጥ የተሰረዘ ስም ገንዘቡ ይመለስ ነበር። ነጋዴዎች በዚህ እየተጠቀሙ ስሞችን በሚሊዮን እየያዙ፣ የትኛው ጎብኚ እንደሚስብ እየቀመሱ፣ ሌላውን ይጥሉ ጀመር። አይካን ከመጠን በላይ በሚሰረዝ ስም ላይ ክፍያ እንዳስቀመጠ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ ይህ ልማድ ከ99 ከመቶ በላይ ቀነሰ። አንድም ሰው አልታሰረም፣ አንድም ክስ አላስፈለገም።

ፈቃድ የሌለው የሾላ ነጋዴ ጉዳይ ግን በዚህ ሁሉ አይፈታም። በንግድ ብቻ የተወሰነ መዝገብ አከማቹን ሲያግድ እርሱንም አብሮ ያግዳል። ለዚህ የሚሻለው በሩን ለሁሉም ማላላት ሳይሆን፣ ለግለሰብ ስም የተለየ ቅርንጫፍ ከፍቶ በመታወቂያ ብቻ አንድ ስም መስጠት ነው፤ ፈቃድ ሲያወጣም ያው ስሙ ወደ ኮም ዶት ኢቲ አብሮት ይግባ።

የሚቀረው ጊዜው ያለፈበት ስም ነው። ነጋዴው ታምሞ፣ ወይም ሱቁ ለመንገድ ሥራ ፈርሶበት ክፍያውን ሳያድስ ቢቀር፣ ስሙ በማግሥቱ ለሌላ ክፍት ሊሆን አይገባም። ጥቂት ወራት ተዘግቶ ይቈይ፤ ለባለቤቱ በተመዘገበው ስልክ በአማርኛ ወይም በሚናገረው ቋንቋ ይነገረው፤ ከዚያ በኋላ ሲለቀቅም ያው የፈቃዱና የዝምድናው ጥያቄ ለአዲሱ አመልካች ይቅረብለት።