ማን መቆየት ይችላል? የኑሮ ልዩነት ከውርጌሳ መንገድ ዳር ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ኑሮ ልዩነት ነው። ይህ ርእስ ሲነሣ ወደ አብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው የአዲስ አበባ ፎቅና ከፎቁ ሥር የተጠለለው የላስቲክ ቤት ነው። ምስሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ለዚህ አገር ተማሪ ጉዳዩን ያርቅበታል፤ ልዩነት የሌላ ከተማ ነገር መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ እኔ ከቅርብ ልጀምር፤ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲኬድ መርሳን አልፈን ከምናገኛት ከውርጌሳ።

ውርጌሳን በአውቶቡስ መስኮት አይቷት ለሚያልፍ መንገደኛ የሕዝቧ ኑሮ አንድ ዓይነት ነው። ቤቱ ይመሳሰላል፣ ማሳው ጠባብ ነው፣ ለቅሶውና ሠርጉ የጋራ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። መንገደኛው «እዚህስ ሁሉም ድሀ ነው፤ ልዩነት የለም» ቢል አልፈርድበትም። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፤ በእንዲህ ያለ አገር ልዩነት የሚታወቀው በዕለቱ ባለው ሀብት ሳይሆን መቆየት በመቻልና ባለመቻል ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ጎን ለጎን የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞችን እናስብ። የማሳቸው ስፋት እኩል ነው፤ በጥር ወር ከአውድማ ያስገቡት ጤፍና ማሽላም እኩል ነው። አንደኛው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ ልጁ ታምሞበት የተበደረውም አለ። አበዳሪ ደግሞ የሚጠይቀው እህል እንደገባ ነው። ስለዚህ ሁሉም በሚሸጥበት፣ ዋጋ በሚወርድበት ወቅት ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ጎተራው ባዶ ነው፤ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል፤ ለመግዣው እንደገና ይበደራል። ሁለተኛው ከሁለት ፍየል የበለጠ ትርፍ ሀብት የለውም። ነገር ግን ለዕዳ የሚሆን ጥቂት ጥሪት ስላለው እህሉን እስከ ክረምት አቆየ፤ በክረምትም ሸጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ የሌላው አበዳሪ ሆነ። ማንም ማንንም አልሰረቀም፤ ማንም ከማንም ይልቅ አልሰነፈም። የለያያቸው ስድስት ወር መቆየት ነው።

«የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» እንላለን። መልካም ምክር ነው፤ ይሁን እንጂ ትዕግሥት ስንቅ ይፈልጋል። ስንቅ የሌለውን ሰው «ለምን አልታገሥክም?» ብሎ መውቀስ የኑሮ ልዩነትን የጠባይ ጉድለት አድርጎ መቁጠር ነው።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በዚሁ መንገድ ላይ የታየ ታሪክ ነው። ጣልያን የሠራው የሰሜኑ አውራ ጎዳና በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብተኞች የተሰለፉበት ነበር። ቤታቸውን ጥለው የወጡ ሴቶችና ሕፃናት መኪናና አውቶቡስ እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። ረሃቡ የደረሰው መንገድ በሌለበት አገር አለመሆኑን ልብ እንበል፤ እህል የሚመላለስበት ጎዳና ዳር ነው።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትተው መጽሐፉ ይህንኑ የወሎ ረሃብ መርምሯል። አገሪቱ በጠቅላላው ስትታይ የምግብ ምርቷ እንዲያ ያለ እልቂት በሚያስከትል መጠን አልቀነሰም ነበር። በወሎ ድርቁ ምርቱን ቢያጠፋም፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የረሃቡን ያህል አልናረም፤ ከወሎ ወደ ሌላ አገር የወጣ እህልም ነበር። ዋጋ የሚንረው ብዙ ሰው ገንዘብ ይዞ ገበያ ሲወጣ ነው። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ ግን ለራሱ የሚበላውም፣ ሸጦ የሚገዛበትም አልነበረውም። ከብቱን ወደ ገበያ ሲያወጣ ጎረቤቱም አውጥቷል፤ የከብት ዋጋ ወደቀ። ሴን እንዳለው የጠፋው ምግብ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ወደ ምግብ የሚደርስበት መብትና አቅም ነበር። በአገራችንም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ረሃብን በገበሬው ተጋላጭነት በኩል አጥንተዋል፤ ደሳለኝ ራህመቶ ደግሞ ከዚህ ብዙ በማይርቀው በአምባሰል የ1977ቱን ረሃብ መርምሮ ገበሬው ክፉ ቀንን ለማለፍ የሚወስዳቸውን እርምጃዎች አሳይቷል። ከእነዚህ ሥራዎች የምንማረው ድርቅ ለሁሉም ቢመጣም ሁሉንም እኩል እንደማያገኝ ነው። አስቀድሞ የሚነካው መቆየት የማይችለውን ነው።

ከረሃቡ በኋላ የመጣው ትልቁ ለውጥ መሬት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይያዝም ወሰነ። ከዚያ በኋላ በትልቅ ባለርስትና በጭሰኛ መካከል የነበረው ልዩነት አብቅቷል፤ ይህንን ማቃለል አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጎ፣ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘት መብት እንዳለው ጻፈ።

ጥያቄው መብቱ በተጻፈበትና መሬቱ ባለቀበት ቦታ የሚወለድ ልጅ ምን ያድርግ ነው። በክልላችን የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በዚያን ጊዜ ሕፃን የነበረ፣ ወይም ያልተወለደ ሰው ዛሬ ጎልማሳ ነው። የይዞታ ደብተሩ በአባትና በእናት ስም ነው። ልጁ መሬት የሚያገኘው ወላጆቹ ሲያወርሱት ወይም ከማሳቸው ቆርሰው ሲሰጡት ነው፤ ያውም ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር የሚካፈለው ነው። ጥንት ልዩነቱ በባለርስትና በጭሰኛ መካከል ነበር፤ ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ ገብቶ በአባትና በልጅ መካከል ተቀምጧል። ልጅ የአባቱን መሬት በእኩል ያርሳል። እንዲቆይ የምንነግረው እስከ መቼ ነው? የአባቱን ሞት እንዲጠብቅ ነውን?

የሴቶችም ጉዳይ ከዚህ ይያያዛል። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት መጻፉ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በሕግ ፊት የምታሳየው ማስረጃ አላት። ነገር ግን ሞፈር የሚይዝ ወንድና ጥንድ በሬ የሌላት ሴት መሬቱን በእኩል ትሰጣለች፤ የምርቱ ግማሽ ይሄዳል። አንድ በሬ ያለው ወንድ መቀናጆ ይፈልጋል፤ በሬም አራሽም የሌላት ግን የሌሎች እርሻ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ዝናም አይጠብቅም፤ ዘግይቶ የተዘራ ደግሞ ምርቱ ይቀንሳል። መብቱ እኩል ሆኖ ሳለ የመዝሪያው ቀን እኩል አልሆነም።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። በ1965 ዓ.ም. ረሃብተኞች ቆመው የለመኑበት ጎዳና ዛሬ ወጣቶች የሚሳፈሩበት ነው። ከሰሜን ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ከፊሉ በጂቡቲ በኩል ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ያቋርጣል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር የገቡት። ከእነርሱ መካከል ተመልሶ የሄደ መኖሩን ከዚህ የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ስለ ስደት ስንናገር «ልጆቹ ቸኩለው ነው፣ ደላላ አታልሏቸው ነው» ማለት ይቀናናል። ደላላ ያታልላል፤ እውነት ነው። ግን ሕጋዊው መንገድም ጊዜ ያለው ሰው መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለተጓዡ የ8ኛ ክፍል ትምህርት ማጠናቀቅን በመስፈርትነት አስቀምጦ ነበር። ታናናሾቿን ለመርዳት ከ5ኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ያንን በር እንዴት ታልፋለች? ፓስፖርቱ፣ ሥልጠናው፣ የሕክምና ምርመራው በየተራው ቀን ይበላል። መቆየት የሚችል በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የማይችል በበረሃና በባሕር ይሄዳል። ተጓዦቹ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ የተለያዩት በአደጋው መጠን ነው።

ጦርነቱም ይህንኑ አሳይቶናል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ይህን አካባቢ ሲያዳርስ፣ መጓጓዣ ለመክፈል የቻለና ደሴ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ወጣ። አቅመ ደካማው፣ ከብቱን ጥሎ መሄድ የማይችለው፣ አራስና በሽተኛ የያዘው ቀረ። ጥይት ሀብታምና ድሀ አይለይም ይባላል፤ ከጥይቱ ፊት የሚቀረው ማን እንደሆነ ግን ኑሮ አስቀድሞ ይለየዋል።

ምናልባት «ታዲያ ቅሬው፣ ጅጌው፣ የዘመዱ መረዳዳት ምን ሠራ?» የሚል ይኖራል። ብዙ ሠርቷል፤ እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ ጉዳቱ ከዚህም በከፋ ነበር። ነገር ግን ጎረቤት የሚረዳው ለራሱ ሲተርፈው ነው። ድርቅ ሲመጣ የሚረዳውም የሚረዳበትም በአንድ ቀን ይቸገራል። የመረዳዳት ባህላችንን ማመስገን የመንግሥትንና የምሁራንን ኃላፊነት ለመተው ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ከሁሉ በላይ ሰዎች ጥሪታቸውን ሳይሸጡ ክፉውን ወር እንዲያልፉ የታሰበ ነው፤ በእኔ አነጋገር መቆየትን የሚገዛላቸው ነው። ስለዚህ ክፍያው ሲዘገይ የዘገየው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የፕሮግራሙ ዓላማ ራሱ ነው። በግንቦት መድረስ የነበረበት ክፍያ በሐምሌ ቢደርስ በመዝገብ ላይ ሙሉ ነው፤ በመካከሉ የተሸጠችው ላም ግን አትመለስም።

ከዚህ ተነሥቼ ለእኛ ለምሁራን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ልዩነትን በዓመት አማካይ ገቢ ብቻ አንለካ፤ «ይህ ቤተሰብ ሳይሸጥና ሳይበደር ስንት ወር ይቆያል?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ዕዳ የሚከፈልበትን ወር እንመርምር። የማዳበሪያ ዕዳ ከአውድማ ሦስት ወር ዘግይቶ ቢጠየቅ፣ ገበሬው እህሉን በማኅበር መጋዘን በመያዣነት አስቀምጦ ትንሽ ብድር ቢያገኝ፣ ያ የሦስት ወር ፋታ ለብዙ ቤት ከእርዳታ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ መሬት ለሌለው ወጣት «ታገሥ» ከማለታችን በፊት የሚታገሥበትን ነገር እናሳየው፤ ሥራ፣ ሙያ፣ በመስኖ ከሚለማው መሬት ድርሻ፣ ወይም ክብሩ የተጠበቀ ሕጋዊ ጉዞ።

በመጨረሻም ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ዲግሪ ረጅም መቆየት ነው። ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ ሌላ አራት ዓመት ገቢ ሳያገኙ መቀመጥ ቀላል አይደለም፤ እናንተ እንድትቆዩ ሌላ ሰው አልቆየም። አንዳንዳችሁ የምትማሩት ጅዳ ወይም ሪያድ በሰው ቤት በምትሠራ እኅታችሁ ገንዘብ ነው። እርሷ ደብተሯን ዘግታ የእናንተን ከፈተች። የእርሷ ዕድል ወደ እናንተ ዞሯልና ይህን የቤት ውስጥ ዕዳ አትርሱት። ስለ ኑሮ ልዩነት የመመረቂያ ጽሑፍ ስትጽፉ ከሩቅ አገር ምሳሌ አትፈልጉ። ወደ ቤት ደውላችሁ፣ እህሉ በስንት ወር እንደተሸጠና ለምን እንደተሸጠ እናታችሁን ጠይቁ። ጥናታችሁ ከዚያ ይጀምር።