የሩቅ መንግሥትና የቅርብ ሕዝብ

(ስለ ስኮትላንድ የተደረገ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል አንብባችሁ፣ ዛሬ ደግሞ የሩቅ አገር ነገር ለማንበብ በመብቃታችሁ ደስ ብሎናል። ዛሬ የምንነግራችሁ ስኮትላንድ ስለምትባል አገር ነው። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል ፈረንጅ ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው «እንግሊዝ» ብለን እናልፈዋለን። ብሩስ ግን የስኮትላንድ ሰው ነበር። የስኮትላንድን ሰው «እንግሊዝ» ብሎ መጥራት የአባቱን ስም እንደ መለወጥ ነው፤ ብዙዎቹን ቅር ያሰኛቸዋል። ለምን ይሆን? ነገሩን ከሥሩ እንየው።

እኛ በአንድ ስም እንግሊዝ የምንለው መንግሥት አራት አገሮች የተጣመሩበት ነው። እነሱም እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ናቸው። ዋናው መንግሥትና ዋናው ምክር ቤት ያሉት ለንደን ነው። ስኮትላንድ በሰሜን በኩል ያለች ተራራና ደሴት የበዛባት አገር ናት። ዋና ከተማዋ ኤድንብራ ይባላል። ሕዝቧ አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው። ከመላው መንግሥት ሕዝብ፣ ከመቶው ስምንቱ ቢሆን ነው።

ስኮትላንድ ጥንት የራሷ ንጉሥ ነበራት። በ1314 ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ባኖክበርን በተባለ ቦታ የእንግሊዝን ጦር ድል አድርጓል። በ1603 የስኮትላንዱ ንጉሥ የእንግሊዝንም ዙፋን ወረሰ። ንጉሡ አንድ ሆነ፤ ምክር ቤቶቹ ግን ሁለት ነበሩ። በ1707 ምክር ቤቶቹም ተዋሐዱና የኤድንብራው ተዘጋ። በዚያ ጊዜ ብዙ የስኮትላንድ ሰዎች ገንዘባቸውን በባሕር ማዶ ሰፈራ ላይ አውጥተው ከስረው ነበር። ውሉን የተስማሙት ጌቶችና ባለጸጎች ናቸው፤ ተራው ሕዝብ አልተጠየቀም። በኤድንብራ ጎዳና ሕዝቡ ወጥቶ ጮኸ፤ ውሉ ግን ጸደቀ። እርግጥ ስኮትላንድ ሁሉን አላጣችም። የራሷን ሕግና ዳኝነት፣ የራሷን ቤተ ክርስቲያን፣ የራሷን ትምህርት ቤት እንደ ያዘች ቀረች። ስሟና ልማዷ ሳይጠፋ የቆየው አንድም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ገበሬው እንምጣ። በሰሜኑ ተራራ ይኖር የነበረው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ትንሽ ማሳ ይዞ ለባለመሬቱ ይከፍላል። በ1700ዎቹ መጨረሻና በ1800ዎቹ ባለመሬቶቹ አንድ ነገር አሰቡ። ከጭሰኛ ኪራይ ይልቅ በግ ማርባት የበለጠ ገንዘብ ያመጣል አሉ። ጭሰኛውን ከቀዬው አስነሥተው መሬቱን ለበግ ሰጡት። ቤቱ የተቃጠለበት ነበረ። ብዙው ወደ ባሕር ዳርቻ ተገፋ፤ ብዙው በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራልያ ተሰደደ። ዛሬም በእነዚያ ተራሮች የፈረሱ ቤቶች ድንጋይ ይታያል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ ይህ ነገር ከሕዝቡ ልብ አልወጣም።

እዚህ ላይ ግን ልብ እንበል። ጭሰኛውን ካፈናቀሉት ባለመሬቶች ብዙዎቹ የገዛ አገሩ ሰዎች ነበሩ። በደል ሁልጊዜ ከሩቅ ብቻ አይመጣም። ደግሞም በ1882 ስካይ በምትባል ደሴት፣ ብሬዝ በተባለ ቦታ ያሉ ጭሰኞች «የግጦሽ ተራራችን ካልተመለሰልን ኪራይ አንከፍልም» ብለው ቆሙ። ፖሊስ ከግላስጎው ከተማ ድረስ መጣባቸው። ወንዱም ሴቱም ድንጋይና ዱላ ይዞ ገጠመው። ወሬው አገሩን አዳረሰ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1883፣ መንግሥት አጣሪ ሰዎች ልኮ የጭሰኛውን ቃል ከየመንደሩ አስመዘገበ። በ1886 ኪራዩን የከፈለ ጭሰኛ ከማሳው እንዳይነቀል፣ ለልጁም እንዲያወርስ ሕግ ወጣ። ይህን ሕግ ያወጣው ያው የለንደኑ ምክር ቤት ነው። የሩቁ መንግሥትም ጩኸቱ ሲበዛበት ይሰማል ማለት ነው። ካልጮኹ ግን አይሰማም።

የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ የሚባለው ድርጅት በ1934 ተቋቋመ። ዓላማው ስኮትላንድ ራሷን የቻለች መንግሥት እንድትሆን ነው። ለብዙ ዓመት ሰሚ አላገኘም። ነገሩ የተለወጠው በ1970 ገደማ በስኮትላንድ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በታች፣ ነዳጅ ዘይት በተገኘ ጊዜ ነው። ፓርቲው «ዘይቱ የስኮትላንድ ነው» እያለ ቀሰቀሰ። በ1974 መጨረሻ ምርጫ በስኮትላንድ ውስጥ ከመቶ ሠላሳ ድምፅ አገኘ።

በዚያው በ1974 ማክሮን የተባለ የመንግሥት የኢኮኖሚ ባለሙያ ለሚኒስትሮች አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። ስኮትላንድ ብቻዋን ብትቆም ከዘይቱ በሚገኘው ቀረጥ ገቢዋ ከወጪዋ እጅግ እንደሚበልጥ ገለጠ። ጽሑፉ ምሥጢር ተብሎ ተቆለፈበት። ሕዝቡ ያየው በ2005 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ስለ ገዛ ጓሮህ የተጻፈ ወረቀት ሠላሳ ዓመት ቢደበቅብህ ምን ትል ነበር? ለስኮትላንድ ሰው ዘይቱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነበት። እርግጥ ዘይት እንደ ምንጭ ውኃ አይደለም፤ ይነጥፋል። ምርቱ በ1999 ከፍ ካለበት ወዲህ እየቀነሰ ነው። ቢሆንም ያዘነው ሰው ያዘነው ስለ ዘይቱ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ተደበቀበትም ጭምር ነው።

በ1979 ደግሞ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ጥያቄው «ስኮትላንድ የራሷ ምክር ቤት ይኑራት ወይ?» የሚል ነበር። ድምፅ ከሰጡት የሚበዙት «አዎን» አሉ። ነገር ግን የለንደኑ ምክር ቤት አስቀድሞ አንድ ደንብ አግብቶ ነበር። «አዎን» የሚለው ድምፅ፣ ለመምረጥ ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ከመቶው አርባ መሙላት አለበት የሚል ነው። ቁጥሩን በእድር እናስበው። የእድሩ አባሎች መቶ ናቸው። 33ቱ «አዎን» አሉ፤ 31ዱ «አይሆንም» አሉ፤ 36ቱ ስብሰባ አልመጡም። «አዎን» ያለው ይበዛል፤ ግን አርባ አልሞላምና ተረታ። ቤቱ የተኛው ሰው እንደ ተቃወመ ተቆጠረ ማለት ነው። ምክር ቤቱም ቀረ።

ከዚያ የነፍስ ወከፍ ግብር መጣ። ቀድሞ ግብር የሚከፈለው እንደ ቤቱ ዋጋ ነበር። አዲሱ ግብር ግን በሰው ራስ ላይ ተጣለ። ለድሆች ቅናሽ ቢኖርም፣ ሰፊ ግቢ ያለው ባለጸጋና ጠባብ ቤት የተከራየ ሠራተኛ በአንድ አካባቢ ከኖሩ እኩል እንዲከፍሉ ሆነ። ይህ ግብር በስኮትላንድ የተጀመረው በ1989 ነው፤ በእንግሊዝ ግን ከዓመት በኋላ። ያን ጊዜ በለንደን ይገዛ የነበረው ፓርቲ በ1987 ምርጫ ከስኮትላንድ 72 መቀመጫዎች ያገኘው አሥሩን ብቻ ነበር። ሕዝቡ «ያልመረጥነው መንግሥት መሞከሪያ አደረገን» አለ። ብዙ ሰው አልከፍልም ብሎ እምቢ አለ። በ1993 ግብሩ ተነሥቶ በሌላ ተተካ።

በ1997 ሕዝበ ውሳኔው እንደገና ተደረገ። ከመቶው 74 ያህሉ «አዎን» አለ። በ1999 የኤድንብራው ምክር ቤት ከ292 ዓመት በኋላ ተከፈተ። 129 አባሎች አሉት። ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ ይወስናል። ስለ መከላከያና ስለ ውጭ ጉዳይ ግን ለንደን ይወስናል። አዲሱ ምክር ቤት በ2003 የገጠር ሕዝብ ተባብሮ የሚኖርበትን መሬት እንዲገዛ መንገድ የሚከፍት ሕግ አወጣ። የኤግ ደሴት ነዋሪዎች ቀድመው በ1997 ደሴታቸውን ገዝተው ነበር። ትናንት ጭሰኛ የነበረው ዛሬ የባለቤቱ ማኅበር አባል ሆነ።

በመስከረም 2014 ትልቁ ጥያቄ ቀረበ፤ «ስኮትላንድ ራሷን የቻለች አገር ትሁን ወይ?» ከመቶ መራጭ 85 ያህሉ ወጣ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ወጣቶችም መረጡ። 55ቱ «አይሆንም»፣ 45ቱ «አዎን» አሉ። «አይሆንም» ያሉት አገራቸውን ጠልተው አይደለም። ገንዘባችን ምን ይሆናል? ጡረታችንስ? ዘመድ ከዘመድ ድንበር ይለየዋል ወይ? ብለው ነው። ከለንደን ለስኮትላንድ የሚመደበው በጀት በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ ከእንግሊዝ እንደሚበልጥም ያነሣሉ።

በ2016 መላው መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጠ። በስኮትላንድ ግን ከመቶው 62ቱ «እንቅር» ብሎ ነበር። ቁጥሩ ያንሳልና አብሮ ወጣ። የቆየው ቁስል አመረቀዘ። በ2022 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ያለ ለንደን ፈቃድ ኤድንብራ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ማድረግ አትችልም ብሎ ፈረደ። በ2024 ምርጫ ደግሞ ብሔራዊ ፓርቲው ራሱ በለንደን ምክር ቤት ከነበሩት 48 መቀመጫዎች ወደ 9 ወረደ። በኤድንብራ ብዙ ዓመት ገዝቶ ነበርና ሕዝቡ እሱንም ታዘበው። በ2013 ስምንቱ የፖሊስ ድርጅቶች አንድ ሲደረጉ የሩቅ ደሴትና የተራራ ሰዎች «አሁን ደግሞ ኤድንብራ ራቀችን» አሉ።

ውድ አድማጮች፤ ከዚህ ምን እንይዛለን? አለመተማመን በአንድ ቀን አይበቅልም። የተደበቀ ወረቀት፣ ሳይመክሩበት የተጣለ ግብር፣ መሐል ላይ የገባ ደንብ፣ እነዚህ ዘሮቹ ናቸው። የሩቁም የቅርቡም መንግሥት እነዚህን ከዘራ ያንኑ ያጭዳል። በእኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። የስኮትላንድ ሰዎች በዚህ ዘመን ክርክራቸውን የያዙት በጠመንጃ ሳይሆን በምርጫ ሣጥን፣ በክስና በጽሑፍ ነው። ክርክሩ አላለቀም። ነገር ግን ተሸናፊው በማግሥቱ ከአሸናፊው ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያል።

ተወያዩበት

1. በ1979 ያልመጣው ሰው እንደ ተቃወመ መቆጠሩ ትክክል ነው ትላላችሁ? በእናንተ እድር ቢሆንስ?

2. ጭሰኞቹን ያፈናቀሉት እነማን ነበሩ? ሕጉን ያወጣውስ ማን ነው?

3. መንግሥት ከሕዝብ ሊደብቀው የማይገባ ነገር ምንድን ነው? ሁለት ምሳሌ ጻፉ።