የቤታችን አግዳሚ እንዲያምርና እንዲቆይ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤታችን አግዳሚ ነው። አግዳሚ ማለት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጋድሞ ጣራውን የሚሸከም እንጨት ነው። እንግዳ ቤት ገብቶ ቀና ሲል የሚያየው እሱን ነው። ስለዚህ ልናስጌጠው እንፈልጋለን። መልካም ነው። ነገር ግን ጌጡ እንጨቱን እንዳያደክመው እንጠንቀቅ። አግዳሚ ቢሰበር የሚወድቀው በተኙት ልጆቻችን ላይ ነው።

አግዳሚ ጭነት ሲበዛበት መሐሉ ወደ ታች ይጎብጣል። የሚሰነጠቀውም ከሥር በኩል፣ ከመሐሉ ነው። እዚያ ላይ በመሮ የፈለፈለ ሰው መሰበሪያውን በእጁ አዘጋጀ ማለት ነው። እንግዲህ ምን እናድርግ? ተሸካሚውን እንጨት ሳንነካ፣ ጌጡን በሌላ እንጨት ሠርተን ከሥሩ እንሰር።

ለዚህ ሥራ ሽመል ተስማሚ ነው። በመተማ ቆላ ይበቅላል፤ ቢቆረጥም ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። የዕጣን ዛፍ ግን ለጌጥ አይቆረጥም። ቆሞ በየዓመቱ ዕጣን ይሰጣል። ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፤ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ቶሎ አይተካም። እሱን መጣል የልጆችን ገቢ መጣል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ሦስት ዓመት የሞላውን ሽመል በበጋ ቁረጡ። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል።

2. ሁለት ሦስት ሳምንት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ነቀዝ የሚወደው ምግብ በውኃው ይወጣል።

3. በጥላ አድርቁት። ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።

4. ቀይ አፈር ወይም ከሰል አልማችሁ በተልባ ዘይት ለውሱና ቀቡት። ሰሊጥ በአገራችን ሞልቷል፤ ዘይቱ ግን በደንብ ስለማይደርቅ ለቀለም አይሆንም።

5. ቀለሙ ሲደርቅ ደርድራችሁ ከአግዳሚው ሥር በጠንካራ ገመድ እሰሩት።

በቀለም ማስጌጥ የአባቶቻችንም ሙያ ነው። የጎንደርን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በ1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል። በጣራው ውስጥ በአግዳሚዎቹ መካከል የመላእክት ፊት ተሥሎ ይታያል። ውበቱ የመጣው ከቀለም ነው፤ ተሸካሚውን እንጨት ከመቦርቦር አይደለም።

በመጨረሻ ምስጥን አንርሳ። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ በግድግዳ ላይ የአፈር መንገድ እየሠራ ወደ ጣራ ይወጣል። በየሳምንቱ ግድግዳውን እንይ፤ መንገዱን ባገኘንበት ጊዜ እንፋቀው፤ መነሻውንም እንፈልግ። ጌጡ አግዳሚውን ሸፍኖ ምስጡን እንዳይደብቅብን ገመዱን በዓመት አንድ ጊዜ ፈትተን እንጨቱን በጣታችን እናንኳኳው። ድምፁ ባዶ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። ያን ጊዜ ሳንውል ሳናድር እንለውጠው።

ቤት የሚያምረው በቅድሚያ ሲጸና ነው።